መርፌና የጁስ ካርቶን ካላችሁ ጀምሩ

ሊማሊሞን ወርዳችሁ አዲ አርቃይ ስትደርሱ ቀና በሉ። የሰሜን ተራሮች ጫፎች ሰማዩን እየቧጨሩ የቆሙ ይመስላሉ። ይህን እያየ ያደገና መሳል የሚወድ ልጅ “ሸራ የለኝም፣ ቀለም ውድ ነው፣ የሥዕል ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ ነው” ቢል አልፈርድበትም። ግን ለድራይፖይንት ይህ ሰበብ አይሠራም!

ድራይፖይንት የሕትመት ጥበብ ነው፤ አሲድ አይፈልግም። እንደ መዳብ ያለ ሰሌዳ በሹል ብረት ትጭራላችሁ። ብረቱ ሲያልፍ ከጭረቱ ጎን ሻካራ ጠርዝ ያነሳል። ቀለም ቀብታችሁ በጨርቅ ስትጠርጉ ጭረቱና ጠርዙ ቀለሙን ይዘው ይቀራሉ። እርጥብ ወረቀት አልብሳችሁ በኃይል ስትጫኑ መስመሩ እንደ ከፋይ ለስልሶ ይወጣል። ብረቱን ቀጥ አድርጋችሁ ከያዛችሁ ጠርዙ በሁለቱም ወገን ይነሳል፤ ካጋደላችሁ በአንድ ወገን ይከመራል። እጃችሁን ትንሽ ማዘንበል ብቻ ሥዕሉን ይለውጠዋል።

ለነገሩ ይህ እጅ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቁም ጸሐፊ ብራናው ላይ ፊደል ከመጣሉ በፊት በወስፌ ወግቶ ያለ ቀለም መስመር ያሰምራል። የዘመኑን ሕትመት ካነሳን ደግሞ ጀርመን ተወላጁ ሀንሰን ባሂያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ፣ አለ ፈለገሰላም በመሠረቱት የሥዕል ትምህርት ቤት፣ የእንጨት ቅርጽ ሕትመት አስተምሯል፤ ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምህረቱም መዳብ ላይ በሠራቻቸው ሕትመቶች ድራይፖይንትን ተጠቅማለች።

መዳብ ከሌለስ? የጁስ ወይም የወተት ካርቶን ቀዳችሁ አጥባችሁ አድርቁ። የውስጡ ብርማ ገጽ ሰሌዳችሁ ነው። የምታዩትን የተራራ ገደል ጠርዝ በመርፌ ጫሩ። ጥላ የምትፈልጉበትን ቦታ በምላጭ ዙሪያውን ቆርጣችሁ የላይኛውን ሽፋን ብቻ ላጡት፤ ከሥሩ የሚወጣው ሻካራ ወረቀት ቀለም ስለሚጠጣ ጥቁር ሆኖ ይታተማል። ረጅሙን የተራራ ተክል ጅብራን ለመሳል ይህ ግሩም ነው። ፕሌክሲግላስ ካገኛችሁ ደግሞ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ንድፋችሁን ከሥሩ አድርጋችሁ ትከተሉታላችሁ። ሥዕሉ ተገልብጦ እንደሚወጣ ግን አትርሱ፤ ስማችሁንም ገልብጣችሁ ጻፉ።

ወረቀቱን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ፣ የሚያብረቀርቀው እርጥበት እስኪጠፋ በሁለት ፎጣ መሐል አቆዩት። ማተሚያ ማሽን ከሌለ በማንኪያ ጀርባ ጠንክራችሁ እሹት። ፈዛዛ ይወጣል፤ ይውጣ! በሚቀጥለው ጭረቱን አጥልቁ፣ ወይም ጨርቁን አለስልሱ፣ ወይም ወረቀቱን አሳሱ። አንዱን ብቻ ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ሁሉንም አንድ ላይ ከቀየራችሁ ለውጡ ከየት እንደመጣ አታውቁትም።

ካርቶን ጥቂት ኮፒ ሰጥቶ ይደክማል። መዳብም ቢሆን ጠርዙ በማተሚያው ክብደት ቶሎ ይረገጣል። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት “ሦስቱን መስቀሎች” በ1653 (እ.ኤ.አ.) በድራይፖይንት ሲሠራ የመጀመሪያዎቹን ኮፒዎች ከፊሉን ያተመው በብራና ላይ ነው። ሰሌዳው ሲደክም አልጣለውም፤ ከነበሩት ሰዎች ከፊሉን ፍቆ፣ አዳዲስ ጨምሮ፣ ትዕይንቱን በከባድ ጭረት አጨለመው። ዛሬ ብዙዎች የሚደነቁት በዚያ በጨለመው ነው። እናንተም የደከመውን ካርቶን በላዩ ጨምሩበት፤ ጠዋት የሣላችሁት ተራራ ዶፍ ይውረድበት። ከእያንዳንዱ ኮፒ ጀርባም በየትኛው መርፌና በየትኛው ወረቀት እንደሠራችሁት በእርሳስ ጻፉ።