ጡረታና አዲስ ሙያ፦ እንደ ገና ተማሪ መሆን

ጡረታ የሚለው ቃል በብዙዎቻችን ዘንድ የሥራ ፍጻሜ ሆኖ ይሰማል። በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት በጠቅላላው የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪና በጌዶ ሠላሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ያስተማሩ መምህራን፣ ሕሙማንን ያስታመሙ ነርሶች፣ መዝገብ የጠበቁ ጸሐፊዎች ወደዚህ ቀን ይደርሳሉ። ሽኝቱ ይደረጋል፤ ጋቢ ይሸለማል። በማግሥቱ ግን ማለዳ የሚያስነሣው ጉዳይ ይጠፋል። ይህም ከገቢው ማነስ ባላነሰ ሰውን ይጎዳል። ስለሆነም አዲስ ሥራ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚለመድ በአጭሩ እንመልከት።

1. ዕንቅፋቱ ዕድሜ ነውን?

ካረጁ በኋላ ትምህርት አይገባም የሚሉ አሉ። የአገራችን ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረውና እየሰፋ ሄዶ ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ከቆጠሩት መካከል አያቶችም ነበሩ፤ ከመምህራኖቻቸውም ብዙዎቹ ወጣት ተማሪዎች ነበሩ። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም የተወለዱ፣ በትምህርታቸው የታወቁ ሊቅ ሲሆኑ፣ በ9 ዓመት ገደማ ከሚያንሷቸው ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ዘንድ እንደ ደቀ መዝሙር ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1851 ክህነትን ሲቀበሉ ዕድሜያቸው 60 ዓመት ያህል ነበረ። ዛሬ ሰው በሚሸኝበት ዕድሜ እርሳቸው አዲስ አገልግሎት ጀመሩ ማለት ነው።

እንግዲህ ከዕድሜ ይልቅ የሚይዘን ይሉኝታ ነው። ርእሰ መምህር የነበረ ሰው ከገበሬ ዘንድ፣ ወይም ትናንት ካስተማረው ልጅ ዘንድ ቆሞ «አሳየኝ» ማለት ይከብደዋል። ያችን አንዲት ቃል የተናገረ ግን ከመንገዱ ግማሹን ሄዷል።

2. ምን እንምረጥ?

ሀ) ጉልበታችን የሚችለውን። ዛሬ ብቻ ሳይሆን ከአሥር ዓመት በኋላም የምንችለውን እናስብ።

ለ) በጥቂት ገንዘብ የሚጀመረውን። ያጠራቀሙትን ሁሉ ባልለመዱት ንግድ ላይ ማዋል የቤተሰብን ዕንቅልፍ ያሳጣል።

ሐ) መምህሩ በአቅራቢያችን የሚገኘውን።

መ) ከሰው የሚያገናኘንን። ብቻውን የዋለ ጡረተኛ ቶሎ ይደክማልና።

ሁሉም ገቢ ማምጣት የለበትም። ለምሳሌ ኦሮምኛ በቁቤ እንዲጻፍ የተወሰነው በ1984 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተማሩ ብዙ የምዕራብ ሸዋ ሽማግሌዎችና እናቶች ቋንቋውን አሳምረው ይናገራሉ፤ የልጅ ልጃቸውን መጽሐፍ ግን ለማንበብ ይቸገራሉ። ሕፃኑ በየማታው ግማሽ ሰዓት ቢያስነብባቸው፣ እነርሱም ተረቱንና ምሳሌውን ቢነግሩት፣ ሁለቱም መምህር፣ ሁለቱም ተማሪ ይሆናሉ።

3. አንድ ምሳሌ፦ ንብ ማነብ

ለአካባቢያችን ጡረተኛ ከሚስማሙት ሙያዎች አንዱ ንብ ማነብ ነው። ሰፊ መሬት አይጠይቅም፤ የዕለት ተዕለት ከባድ ድካምም የለበትም። በባህላዊው ቀፎ ማሩ ሲቆረጥ እንጀራው አብሮ ይጠፋል። በዘመናዊው የፍሬም ቀፎ ግን ማሩ ተጣርቶ እንጀራው ለንቦቹ ስለሚመለስላቸው፣ ሰም እንደ ገና ለመሥራት የሚያባክኑት ማርና ጊዜ ይተርፋል። በአምቦ መንገድ ላይ በምትገኘው በሆለታም የንብ ምርምር ማዕከል አለ።

ጀማሪው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በመጀመሪያው ዓመት ከሁለት ቀፎ አይለፍ። አስቀድሞም አደይና ኑግ አብበው ማሩ በሚቆረጥበት ወራት ከአንድ ልምድ ካለው አናቢ ጋር ይዋል፤ አጫጫሱን፣ የንግሥቲቱን አያያዝ፣ ለንቦቹ ስንቅ የሚሆን ማር መተውን በዓይኑ ይይ። ቀፎው ከመንገድና ከከብት ይራቅ። ጎረቤት ጸረ ተባይ መድኃኒት የሚረጭበትን ቀን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ አበባ ላይ የተረጨ መድኃኒት መንጋውን ሊፈጅ ይችላልና። የንብ ንድፊያ ሰውነቱን የሚያሳብጠው ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሰው ግን ሌላ ሙያ ይምረጥ።

ማጠቃለያ

አዲስ ሙያ ከሽኝቱ ማግሥት ሳይሆን ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት፣ ደመወዝ ሳይቋረጥ ቢጀመር መልካም ነው። የመጀመሪያው ዓመት ስሕተት ያን ጊዜ አይጎዳም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ትዕግሥት ያለው ይደርሳል። ልጆችም ወላጆቻቸውን «ይበቃችኋል፣ ዕረፉ» ከማለት ይልቅ የሚማሩበትን መንገድ ቢያመቻቹላቸው ታላቅ ክብር ነው። ያልሠሩትን ሥራ በ60 ዓመት የሚጀምሩ አባትና እናት፣ መማር ማብቂያ እንደሌለው ለቤተሰባቸው በተግባር ያስተምራሉ።

ለመወያያ

1. በሰፈራችን ሙያ ያለውና ሊያስተምረን የሚችል ማን ነው? «አሳየኝ» እንዳንለው የሚከለክለን ምንድን ነው?
2. በቤታችን ለጡረታ የቀረበ ሰው ካለ፣ ከአሁኑ ምን ልንለማመድ እንችላለን?