የመጋዘን ሥራ የሚሰላው ከመኪናው መነሻ ሰዓት ነው

በኢንተርኔት የሚያዝ ደንበኛ ሁለት ነገር ይገዛል፤ ዕቃውንና ዕቃው የሚደርስበትን ቀን። እ.ኤ.አ. በ1995 መጽሐፍ በመሸጥ ሥራ የጀመረው የአሜሪካው አማዞን፣ በ2005 ለአባላቱ በሁለት ቀን ለማድረስ ቃል ገባ። እንዲህ ያለ ቃል የሚጠበቀው ሥራው ወደ ኋላ ሲሰላ ነው።

በቅድሚያ የጭነት መኪናው የሚነሳበት ሰዓት ይታወቃል። ከዚያ ተነስቶ ዕቃው መቼ ከመደርደሪያ እንደሚወርድና መቼ እንደሚታሸግ ኮምፒዩተር ይወስናል። መኪናው ቀድሞ የሚነሳ ትእዛዝ፣ ዘግይቶ ቢመጣም ቅድሚያ ያገኛል።

የታሸገው ካርቶን በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ እያለ ይመዘናል። ክብደቱ በኮምፒዩተር ከተያዘው ጋር ካልተስማማ ከመስመር ወጥቶ ይፈተሻል፤ ከተስማማ አድራሻ ይለጠፍበትና በየአቅጣጫው ተለይቶ ይጫናል።

ሚዛኑ እዚያ የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጋዘን ውስጥ የተያዘ ስህተት የጥቂት ደቂቃ ጉልበት ቢጠይቅ ነው። መኪናው ከወጣ በኋላ ግን የመመለሻ ትራንስፖርት፣ የምትክ ዕቃ ወጪና የደንበኛ ቅሬታ ይከተላል። ስለሆነም በዚህ ዘርፍ ገንዘቡን ሊያውል ያሰበ ባለሀብት የመጋዘኑን ስፋት ከማየቱ በፊት፣ ከጭነቱ ስንቱ በሰዓቱ እንደወጣ፣ ስንቱስ በስህተት እንደተመለሰ ሊጠይቅ ይገባዋል።