ስለማይታየው ቁስልና ስለ ይግባኙ

ባለፈው ክረምት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ሐረጎ ላይ የተሳፈርንበት መኪና ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው ሁሉ ደንግጦ ወዲያው ሲሳሳቅ፣ ከፊቴ የነበረው ሰው ግን ከወንበሩ ሥር ተደፍቶ ራሱን በክንዶቹ ሸፍኖ ቀረ። ጎማው እስኪቀየር አልተነሣም። አጠገቡ የነበሩ እናት ነጠላቸውን ጣል አደረጉበትና «ተዉት፤ ከጦር ሜዳ የመጣ ነው» አሉን። ደሴ ስንደርስ የሕግ ተማሪ መሆኔን ሰምቶ ኖሮ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። «ወንድሜ፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ» አለኝ። ወረቀቱ ባጭሩ፣ በአካሉ ላይ የታየ ጉዳት ስለሌለ የጠየቀው አበል አይገባውም የሚል ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ወረቀት ነው። ጥያቄውም፣ ሕጋችን ዓይን የማያየውን ቁስል ያውቃል ወይ? የሚል ነው።

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛና የወታደር ጡረታ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ተደነገገ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተለዋውጦ በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 714፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1267 ወጥቷል። የ714ን አደረጃጀት ብንመለከት፣ በጤና ጉድለት የሚሰጥ አበልና በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት የሚሰጥ አበል የተለያዩ ናቸው። ልዩነቱ የወረቀት ልዩነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስድስት ዓመት ያገለገለ ወታደር ታሞ ቢሰናበት፣ ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣ አይደለም ከተባለ፣ 10 ዓመት ስላልሞላው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ተቀብሎ ይሄዳል። ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣ ነው ከተባለ፣ ጉዳቱም ከ10 በመቶ የማያንስና ሥራ መሥራት የሚከለክለው ከሆነ፣ ጉዳት ከደረሰበት ወር በፊት ያገኘው የነበረውን ደመወዝ 47 በመቶ በየወሩ ዕድሜ ልኩን ያገኛል። እንግዲህ ሙግቱ ሰውየው ታሟል አልታመመም በሚለው ብቻ አያልቅም። ከባዱ ጥያቄ ሕመሙ ከየት መጣ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ የቃል ነገር ይመጣል። በሕጎቻችን የሥራ ላይ አደጋ ማለት በአካል ላይ፣ ወይም በአካል የተፈጥሮ ተግባር ላይ፣ በድንገት የደረሰ ጉዳት ነው። እንደ እኔ አስተያየት ሁለተኛው ሐረግ ለአእምሮ በሩን ይከፍታል፤ መተኛት፣ ማስታወስ፣ ድምፅ ሰምቶ አለመሸበር የአካል የተፈጥሮ ተግባር ካልሆኑ ምን ሊሆኑ ነው? የሚያስቸግረው «በድንገት» የሚለው ቃል ነው። ጥይት የመታው ሰው ቀኑንና ሰዓቱን ይናገራል። አእምሮው የቆሰለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚታመመው ቤቱ ከገባ ከወራት በኋላ ነው። በዚያ ላይ፣ ወታደርን ባይመለከትም የአርቃቂዎቻችንን ሐሳብ የሚያሳየው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም ፊዚካል፣ ኬሚካልና ባዮሎጂካል የሆኑ ነገሮችን ይጠራል እንጂ ፍርሃትንና ሰቀቀንን አያነሣም። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲረዳቸው ከሚላቸው መካከል የአካል ጉዳተኛንና የአእምሮ ጉዳተኛን ጎን ለጎን አስቀምጧል።

የይግባኙ መንገድ አጭር ነው፤ አጭርነቱም ያስፈራል። በ714 ሥርዓት በጡረታው መሥሪያ ቤት ውሳኔ ያልተስማማ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ያመለክታል። ከጉባኤው ወዲያ ያለው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሲሆን፣ እርሱም የሚመለከተው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ብቻ ነው። ስለዚህ ምስክርም ሆነ የሐኪም ወረቀት በጉባኤው ዘንድ ካልቀረበ ወደ ላይ ይዞ መሄድ ከንቱ ነው። ብዙ ባለጉዳዮች ይህን የሚያውቁት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። በሌላ በኩል ሰበር ሰሚ ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። «የአካል የተፈጥሮ ተግባር» የሚለውን ሐረግ አንድ ባለጉዳይ በደንብ ተከራክሮበት ቢያስተረጉም ለሺህ ሰው ይተርፋል።

የሌላ አገር ልምድ ብናይ አይጎዳንም። አሜሪካኖች ከቬትናም ጦርነት በኋላ ብዙ ተቸግረውበታል። ከአስጨናቂ አደጋ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ሕመም በሐኪሞቻቸው መዝገብ ስም ያገኘው በ1980 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የቀድሞ ወታደር አበል ሲከለከል የሚከራከርበት ልዩ ፍርድ ቤት የተቋቋመው በ1988 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው። ይህ ፍርድ ቤት በ1990 እ.ኤ.አ. ጊልበርት በተባለ ሰው ጉዳይ፣ ማስረጃው ግራና ቀኝ እኩል ከሆነ ጥርጣሬው ለወታደሩ ይጠቅማል የሚለውን የሕጋቸውን ድንጋጌ አብራርቷል። እኔን የበለጠ የገረመኝ ግን በ2009 እ.ኤ.አ. የተፈረደው የክሌሞንስ ጉዳይ ነው። ክሌሞንስ የአመለከተው በአንድ የሕመም ስም ነበር፤ ሐኪሞች ያገኙበት ግን ሌላ የአእምሮ ሕመም ሆነና ተከለከለ። ፍርድ ቤቱ፣ ሕመምተኛው ሐኪም አይደለምና የሕመሙን ስም ስለሳተ ጥያቄው አይወድቅም፤ መታየት ያለበት የሚሰማው ሕመም ነው አለ።

ይህን ወደ ወሎ አምጥተን እንየው። በእኛ አገር ሰው «ልክፍት ነው»፣ «መንፈስ ነው»፣ «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል። ክርስቲያኑ ጸበል ይሄዳል፤ እስላሙ ሼሆቹ ዘንድ ዱዓ ያስደርጋል፤ በወሎ ደግሞ ሁለቱንም የሚሞክር አይጠፋም። ይህ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ጸበል ማኅተም ያለበት ወረቀት አይሰጥም። ሦስት ዓመት የታመመ ሰው በመዝገብ ሲታይ አንድ ቀን እንዳልታመመ ይቆጠራል። በዚህ ላይ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ሲቆዩ ሐኪም ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። የጠፋው መድኃኒትና አልጋ ብቻ ሳይሆን የሰው ካርድም ነው። (ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ ከማይጨው ተመልሶ ሌሊት ሌሊት ሲጮኽ ያደረ አያት ያለው ሰው፣ «እብድ ነበር» ሲባል ብቻ ሰምቶ ይሆናል።)

ካርድ በጠፋበት አገር ምን ይቀርባል? አሜሪካኖች በ2010 እ.ኤ.አ. ደንባቸውን ሲያላሉ፣ የጠላትን ጥቃት በመፍራት የመጣ ሕመም ከሆነ፣ የራሳቸው ሐኪም ካረጋገጠና ነገሩ ከዘመተበት ስፍራ ጋር ከተስማማ፣ የወታደሩ ቃል ስለ ደረሰበት ነገር ይበቃል ብለዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ አብሮ የዘመተ ጓድ አለ፤ ሌሊት የምትቀሰቅሰው ሚስት አለች፤ ከመዝመቱ በፊት የሚያውቀው ጎረቤት አለ። ሐኪሙም «የአእምሮ ሕመም አለበት» ብሎ ብቻ ከጻፈ ግማሹን ሥራ ትቶታል፤ መቼ እንደ ጀመረ፣ ከምን እንደ መጣና ሥራ ምን ያህል እንደ ከለከለው ካልጻፈ ጉባኤው የሚይዘው የለውም። የጤና ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ የእናንተ ድርሻ ነው።

ያን ቀን ለሰውየው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። የመረመረው የአእምሮ ሐኪም እንዳለ ጠየቅሁት። የመረመሩት እግሩንና ዓይኑን መሆኑን ነገረኝ። ምስክር እንዳለው ስጠይቀው ጥቂት ዝም አለና፣ አብሮት የነበረ አንድ ልጅ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ መሆኑን ሰምቻለሁ አለኝ። የወረቀቱን ቀን ቆጠርን። ከዚያ ወረቀቱን እንደ ቀድሞው አራት ላይ አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ መኪናው ሳይሞላ ልድረስ ብሎ ወደ ኮምቦልቻ ተመለሰ።