በሥራ ጸንቶ ስለ መኖር
የመምህርቲቱ የቅድስት ማርግሪት ቡርዧ ኑሮ

አንባቢ ሆይ፤ ሰው ሁሉ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጠው ይለምናል፤ የተሰጠውን ዕድሜ በምን ሥራ እንደሚፈጽመው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። የዕድሜ ክብሩ የዓመቱ ቍጥር አይደለም፤ የጀመሩትን በጎ ሥራ ሳይሰለቹ እስከ መጨረሻው መያዝ ነው እንጂ። ለዚህም ምስክር እንድትሆነን የአንዲት አስተማሪ ኑሮ እናስብ።

ማርግሪት ቡርዧ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1620 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር፥ ትሯ በምትባል ከተማ ተወለደች። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባትዋ ሻማ ሠሪ ነበር። በወጣትነትዋ መልካም ልብስ ትወድ ነበር፤ በዚህም ከባልንጀሮችዋ አትለይም ነበር። 20 ዓመት በሆናት ጊዜ ግን በመቍጠሪያ በዓል ከሕዝቡ ጋራ በዑደት ስትሄድ፥ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ በላይ የቆመውን የእመቤታችንን ምስል ቀና ብላ አየች፤ ልብዋም ተነካ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጌጡን ትታ፥ የድኾችን ልጆች ከሚያስተምሩ ሴቶች ማኅበር ገባች።

በ1652 ዓ.ም. የቪል ማሪ ገዥ ሜዞኔቭ ወደ ትሯ መጣ። ቪል ማሪ በካናዳ ምድር አዲስ የተቈረቈረች ትንሽ መንደር ነበረች፤ ዛሬ ሞንትሪያል የምትባለው ታላቅ ከተማ እርስዋ ናት። ገዥው ለመንደሩ ልጆች አስተማሪ የምትሆን አንዲት ሴት ለመውሰድ ፈቀደ። ማርግሪትም ያላትን ለድኾች ሰጥታ፥ ጨርቄን ማቄን ሳትል፥ በብብትዋ የምትይዘውን ትንሽ ጥቅልል ብቻ አንሥታ በ1653 ዓ.ም. ባሕሩን ተሻገረች። በመርከቡ ላይ በሽታ በገባ ጊዜም ሕሙማንን ታስታምም ነበር።

ከዚያ በደረሰች ጊዜ ግን የምታስተምረው ልጅ አላገኘችም፤ በመንደሩ የሚወለዱት ሕፃናት ብዙዎቹ በጨቅላነታቸው ይሞቱ ነበርና። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ልብ በል። ለማስተማር አገርዋንና ዘመዶችዋን የተወች ሴት ተማሪ አጥታ አምስት ዓመት ያህል ቈየች። እርስዋ ግን አላጕረመረመችም። የገዥውን ቤት ታሰናዳ፥ ለሠራተኞችና ለወታደሮች ልብስ ትሰፋ፥ የታመመውን ትጠይቅ ነበር። በዚህም ጊዜ የእያንዳንዱን ቤት ኀዘንና ችግር ዐወቀች፤ ኋላ ልጆቻቸውን ስትቀበል ለወላጆቹ እንግዳ አልነበረችም።

በ1658 ዓ.ም. ሚያዝያ 30 ቀን የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈተች። ቤቱ ከድንጋይ የተሠራ የከብት በረት ነበር፤ ጠርገው አጽድተው ለትምህርት አዘጋጁት። እርስዋም ከበላዩ ባለው ቆጥ ላይ ታድር ነበር። ለልጆቹ ንባብና ጸሎት፥ ለሴቶቹም የእጅ ሥራ ታስተምር ነበር፤ የትምህርት ዋጋ ግን አልተቀበለችም። ምግብዋን የምታገኘው በእጅዋ ሥራ ነበር። ረዳቶች ለመፈለግ ወደ ፈረንሳይ በተመለሰች ጊዜ፥ የአንዲቱ ልጃገረድ አባት በምን እንደሚኖሩ ቢጠይቃት፥ ከእንጀራና ከሾርባ በቀር ሌላ ተስፋ አልሰጠችውም። እንዲህም ሆኖ አራት ሴቶች ተከተሏት። የኖትር ዳም ማኅበር የተጀመረው ከእነዚህ ነው።

በዚያን ዘመን የመነኮሳይያት ሥርዓት ከገዳም ቅጥር አለመውጣት ነበር። ማርግሪት ግን እመቤታችን ወደ ተራራማው አገር ወደ ኤልሳቤጥ ቤት እንደ ገሠገሠች፥ አስተማሪም ልጆች ወዳሉበት መሄድ እንደሚገባት ታምን ነበር። ስለዚህ ማኅበርዋ ከሌላ ገዳም ጋራ ይደባለቅ በተባለ ጊዜ፥ ሳታምፅና ሳትሰለች ለመነች፤ ጠበቀችም። በ1683 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ሌሊት ቤታቸው ተቃጠለ፤ ሁለት እኅቶችም ሞቱ፤ አንዲቱ የገዛ ዘመድዋ ነበረች። ከዚህም ኀዘን በኋላ እንደ ገና ሠሩ። የማኅበሩ ደንብ የጸደቀው በ1698 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ እርስዋ የ78 ዓመት አሮጊት ነበረች።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የሽምግልናዋ ነገር ነው። በ1693 ዓ.ም. አለቅነቱን ለሌላይቱ እኅት አስረክባ፥ እንደ ማንኛዋም እኅት ታዛዥ ሆነች፤ በሕሙማንም ክፍል ተቀምጣ ትሰፋ ነበር። አለቃ የነበረ ሰው ዝቅ ብሎ መርፌ መያዝ እንዴት እንደሚከብደው ታውቃለህ። በ1699 ዓ.ም. መጨረሻ አንዲት ወጣት አስተማሪ ለሞት ብትደርስ፥ በእርስዋ ፈንታ እኔን ውሰደኝ ብላ እግዚአብሔርን ለመነች። ወጣቲቱ ዳነች፤ ማርግሪትም ታመመች፤ በ1700 ዓ.ም. ጥር 12 ቀን በ79 ዓመትዋ ዐረፈች። በ1982 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ቅድስት ብለው ሰየሟት።

እንግዲህ ከዚህ ኑሮ ምን እንማር?

1ኛ፤ የተጠራህበት ሥራ ቢዘገይብህ ባዶ እጅህን አትቀመጥ፤ በፊትህ ያለውን ትንሽ ሥራ ሥራ። ማርግሪት ተማሪ ባጣችበት ዘመን መርፌዋን አላስቀመጠችም።

2ኛ፤ አስተማሪ የሆንህ እንደ ሆነ፥ ቤቱ ጠባብ ነው፥ ደመወዙ ጥቂት ነው ብለህ ልጁን አትበድለው። በረቱን ትምህርት ቤት ያደረገው የአስተማሪዋ ፍቅር ነው።

3ኛ፤ ሹመት ሲሰጥህ በትሕትና እንደምትቀበለው፥ ሲቀርብህም በትሕትና ተለየው። ሥራው የእግዚአብሔር ነው፤ አንተ ብትሄድም ይኖራል።

አንተም ተማሪ ሆይ፤ ፊደል ያስቈጠረህን ሰው አስብ። ምናልባት ዛሬ አርጅቶ በአንድ ጥግ ተቀምጦ ይሆናል። በሕይወት ካለ ሄደህ ጠይቀው፤ ዐርፎም እንደ ሆነ ጸልይለት። የእርሱን ድካም ፍሬ የሚያሳይ የአንተ ጠባይ ነውና።