የበቆሎ ማሳን ከዱር እንስሳት በጋራ መጠበቅ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በጅማ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በሸካ አካባቢዎች በደን ጠርዝ ላይ በቆሎ የሚያመርት ገበሬ ምርቱን የሚያጣው በዝናብ መዛባትና በተባይ ብቻ አይደለም። ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ከርከሮ፣ የዱር አሳማና ጃርትም ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

ጉዳቱ ለሁሉም ገበሬ እኩል አይደርስም። በዩጋንዳ በኪባሌ ደን ዙሪያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የአካባቢው አማካይ ጉዳት አነስተኛ ሆኖ ሳለ አንዳንድ ማሳዎች ግን ጨርሰው ጠፍተዋል። ይኸውም ለቀበሌው በጠቅላላ ትንሽ የሚመስለው ጉዳት፣ ማሳው ደን ለሚያዋስነው ገበሬ የዓመት ቀለቡ ነው ማለት ነው።

በመካከል ያለ ገበሬ «የእኔ ማሳ አልተነካም» ብሎ ከጥበቃው ሲቀር ይታያል። ነገር ግን የዳሩ ገበሬ ተስፋ ቆርጦ በቆሎ መዝራቱን ሲተው፣ በሚቀጥለው ዓመት ዳር የሚሆነው ይኸው የመካከሉ ማሳ ነው። ስለሆነም የዳሩን ማሳ መጠበቅ የሁሉንም ማሳ መጠበቅ መሆኑን የልማት ሠራተኛው ከሁሉ አስቀድሞ ማስረዳት ይኖርበታል።

2. ጉዳት ያደረሰውን እንስሳ በምልክቱ መለየት

የጥበቃው ሰዓትና ዘዴ እንደ እንስሳው ዓይነት ስለሚለያይ በመጀመሪያ እንስሳውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሀ) ዝንጀሮና ጦጣ፦ በቀን በመንጋ ይመጣሉ። እሸቱን ከአገዳው ገንጥለው፣ ሽፋኑን ልጠው፣ ጥቂት በልተው ይጥላሉ። ቅሪቱ እስከ ደኑ ጠርዝ ድረስ ተበትኖ ይገኛል።

ለ) የዱር አሳማ፦ በሌሊት በቡድን ይመጣል። ብዙ አገዳ በአንድ ቦታ ተጥሎና ተረግጦ፣ አፈሩም በአፍንጫ ተቆፍሮ ይታያል። የኮቴው ዱካ ስንጥቅ ነው። ከርከሮም ተመሳሳይ ዱካ ሲኖረው በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በቀን ነው።

ሐ) ጃርት፦ በሌሊት ለብቻው ወይም ሁለት ሦስት ሆኖ ይመጣል። አገዳውን ከሥሩ አጠገብ በጥርሱ ቆርጦ ይጥላል። ድንችና ስኳር ድንችም ቆፍሮ ይበላል። በመንገዱ ላይ እሾሁ ወድቆ ሊገኝ ይችላል።

የጉዳቱን መጠን ለማወቅ በማሳው 5 የተለያዩ ቦታዎች 20፣ 20 አገዳ ይቆጠራል። ከ100 አገዳ ውስጥ የተበላሸው ብዛት ጉዳቱን በመቶኛ ያሳያል። ቆጠራው በየሳምንቱ ተደርጎ በመዝገብ ይያዝ።

3. ጥበቃ የሚያስፈልግበት ጊዜ

የመጀመሪያው ጊዜ ከዘር አንሥቶ ቡቃያው እስኪጠነክር ያሉት ሦስት ሳምንታት ያህል ናቸው። በዚህ ወቅት ዝንጀሮ ዘሩን ከአፈር እያወጣ ይበላል። ሁለተኛው ፍሬው ወተት መቋጠር ከሚጀምርበት እስከ አጨዳ ያለው ነው። ጥበቃው እሸቱ ሳይቀመስ መጀመር አለበት። አንድ ጊዜ የቀመሰ መንጋ ደግሞ ደጋግሞ ይመለሳልና።

በግንቦት መጀመሪያ የተዘራ በቆሎ ለእሸት የሚደርሰው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነው። ይህም ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ጊዜ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ልጆች ማማ ላይ ውለው ከትምህርታቸው ይቀራሉ። ዝንጀሮ ከአዋቂ ወንድ ይልቅ ሴቶችንና ልጆችን እንደሚደፍርም በብዙ ቦታ ታይቷል። ስለዚህ ልጅን በጥበቃ ላይ ማዋል ልጁን ከትምህርት ያስቀራል፤ ማሳውንም በሚገባ አያስጠብቅም።

4. ማሳውን ማዘጋጀት

ሀ) ኩታ ገጠም ማሳ ያላቸው ገበሬዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዓይነት ዝርያ ይዝሩ። ቢኤች 660 ለመድረስ በአማካይ 160 ቀን፣ ቢኤች 540 ደግሞ 145 ቀን ያህል ይፈጅባቸዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢዘሩ የጥበቃው ጊዜ በሁለት ሳምንት ይረዝማል።

ለ) ደኑን በሚያዋስነው የማሳ ዳር ቢያንስ 10 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ በበቆሎ ፈንታ እንደ በርበሬ ወይም ኑግ ባሉ እንስሳቱ እምብዛም በማይመርጧቸው አጫጭር ሰብሎች ይሸፈን። ጠባቂው የሚመጣውን እንስሳ ከሩቅ ያያል። ለዚህ ሲባል ግን ደን መመንጠር አይገባም።

ሐ) ለአሳማና ለጃርት የእሾህ አጥር ከታች ክፍተት ሳይኖረው ይታጠር። ቦይ የሚቆፈር ከሆነ የተዳፋቱን አግድመት ይከተል፤ ቁልቁል የተቆፈረ ቦይ በክረምት ጎርፍ ቦረቦር ይሆናል።

መ) የሰው ቅርጽ ያለው ማስፈራሪያ የሚያገለግለው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። እንስሳቱ ስለሚለምዱት ቦታው መቀያየር አለበት። ጠባቂን አይተካም።

5. የጋራ ጥበቃ አደረጃጀት

ለምሳሌ 20 አባወራዎች እያንዳንዳቸው ግማሽ ሄክታር፣ በድምሩ 10 ሄክታር ኩታ ገጠም ማሳ አላቸው እንበል። ደኑን የሚያዋስነው ወገን 400 ሜትር ነው። እያንዳንዱ ለየብቻው ለ60 ቀን ቀንና ሌሊት ቢጠብቅ በአባወራ 120 ተራ ይደርሰዋል። በጋራ ቢሆን ግን በየ100 ሜትሩ አንድ ማማ ተሠርቶ 4 ሰዎች በቀን፣ 4 ሰዎች በሌሊት ይበቃሉ። በ60 ቀን 480 ተራ ይሆናል፤ ለ20 ሲካፈል በአባወራ 24 ተራ ብቻ ይደርሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ይህ ነው።

ለአፈጻጸሙ የሚከተሉት ያስፈልጋሉ፦

ሀ) የተራ ሰሌዳ በማኅበሩ ስብሰባ ይጽደቅ። የመካከሉም የዳሩም ገበሬ ተራ እኩል ይሁን። አቅም የሌላቸው አረጋውያንና ሕመምተኞች ተራ በደቦ ይሸፈን።

ለ) ተረኛው ተተኪው ሳይደርስ ከማማው አይውረድ። ዝንጀሮ ጠባቂው ለምሳ የሚሄድበትን ሰዓት ጠብቆ ይገባል።

ሐ) ጅራፍ፣ ወንጭፍ፣ ቆርቆሮና ለሌሊት ባትሪ ይዘጋጅ። አንዱ ጠባቂ ሲጮህ ሌሎቹ ይቀበሉት። የጥበቃ ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተቡ። የሌሊት ተረኞች ወባ ባለበት ቦታ አጎበር ይኑራቸው።

መ) እህሉ ሲደርስ አጨዳው በደቦ ከደኑ ጠርዝ ይጀመር።

6. መደረግ የሌለበት

የተመረዘ እህል በማሳ ዳር ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። መርዙ ውሻን፣ ከብትን፣ ጥንብ አንሣንና ልጆችንም ይገድላል። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንም በሕግ የተከለከለ ነው። የተቆጣ ወንድ ዝንጀሮ በጥርሱ ክፉኛ ስለሚያቆስል መሸሻ በሌለው ቦታ አይከበብ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ድርጅት ይሂድ።

7. ማጠቃለያ

ከዱር እንስሳት ጥበቃ በዋነኛነት የሥራ ክፍፍል ጉዳይ ነው። የልማት ሠራተኛው በሚያዝያ፣ ዘር ከመዘራቱ በፊት ኩታ ገጠም ገበሬዎችን ሰብስቦ ስለ ዝርያው፣ ስለ ዘር ሳምንቱና ስለ ተራ ሰሌዳው ያስወስን። በነሐሴ፣ እሸቱ ከተበላ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ የጠፋውን አይመልስም። በመስከረም ማማው ላይ አዋቂ ተረኛ ሲገኝ፣ የዳሩ ገበሬ እህሉን ያስገባል፤ ልጁም ትምህርት ቤት ይውላል።