በወረዳ ቤቶች አስተዳደር ለመቀጠር ላሰብሽው

ልጄ፣ በወረዳ የቤቶች አስተዳደር መሥራት እንደምትፈልጊ እናትሽ ነገረችኝ፤ ደስ አለኝ። ሃያ ዓመት የሠራሁበት ነውና የማውቀውን ልንገርሽ።

1. መግቢያው አንድ በር ብቻ አይደለም። በሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ የከተማ ሥራ አመራር ተምረው የመጡ ባልደረቦች ነበሩኝ፤ ሕግና ሶሺዮሎጂ የተማሩም ነበሩ። ከሁሉም የበሰለችው ግን ከመዝገብ ቤት ጀምራ በማታ የተማረችው ናት። ፋይል ስታወጣና ስትመልስ የሰፈሩን ታሪክ አንብባዋለች። መዝገብ ቤት ቦታ ካገኘሽ አትናቂው።

2. አዋጆቹን ራስሽ አንብቢ፣ በወሬ አትያዣቸው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ዛሬም የሚቀርብልሽ የውል ማዛወርና የጥገና ጥያቄ አብዛኛው መነሻው እዚያ ነው። የኮንዶሚኒየሙን 370/1995 እና የኪራዩን 1320/2016 ጨምሪበት። ይህ የመጨረሻው አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። ይህን የማያውቅ ተከራይ ይመጣብሻል፤ የማያውቅ አከራይም እንደዚሁ።

3. ቤቱን ሳታዪ አትፈርሚ። አንዲት እናት «ጣሪያው ያፈሳል» ብለው አመለከቱ። ከወንበሬ ሳልነሳ «በጀት የለም» ብዬ ጽፌ መለስኩት። ሐምሌ ላይ ለሌላ ጉዳይ በግቢያቸው ሳልፍ ገባሁ። አልጋቸው ከግድግዳው ተስቦ መሃል ቤት ቆሟል፤ በላዩ ላስቲክ ተወጥሯል፤ የግድግዳው ጭቃ ረግፎ ማገሩ ይታያል። ከትራሳቸው ስር ፌስታል አውጥተው የኪራይ ካርኒዎቻቸውን ዘረጉልኝ፤ በክር በዓመት በዓመቱ ታስረዋል፣ አንድም ወር አልጎደለም። ቤቱን ለማዳን የበቃው አራት ቆርቆሮና የጎረቤት ጉልበት ነበር። እሳቸው ምንም አላሉኝም። ያቺን የጻፍኳትን ቃል ሳስባት ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል።

4. ለልኬት ስትሄጂ ቡና ይቀርብልሻል። ጠጪ፤ እምቢ ማለት ሰው ያስቀይማል። ከስኒው ጋር ገንዘብ ከመጣ ግን ሜትርሽን ጠቅልለሽ ውጪ፣ ለኃላፊሽም በዚያው ቀን በጽሑፍ አሳውቂ።

5. የደባል ክርክር ሲገጥምሽ ከጋራ ኩሽናው ጀምሪ። ማን ስንት ዓመት እንደኖረ፣ የማን ምድጃ የት እንደነበረ፣ ማን ታሞ ማን እንዳስታመመው እዚያ የሚያበስሉት ሴቶች ያውቁታል። የነገሩሽን ጻፊ፣ ከፋይሉም ጋር አስተያዪው። ሁለቱ ካልገጠሙ ተመልሰሽ ሂጂ። እኔ አንዱን ግቢ ሦስት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ በሦስተኛው ነው ሟቿን ተከራይ ያስታመመችው ልጅ ስሟ በፋይሉ ካለው ቅጽ እንደቀረ ያወቅሁት።

ቅዳሜ የትምህርት ማስረጃሽን ይዘሽ ነይ፤ ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን።