የማሲንቆ ልምምድ በቤት ውስጥ

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ አካባቢ ማሲንቆ መማር የጀመረ ልጅ ቤት ውስጥ ሲለማመድ፣ ሙዚቃ የማያውቁ ወላጆች እንዴት ሊያግዙት ይችላሉ?

መልስ፦ ማሲንቆ ባለ አንድ ክር መሣሪያ ነው፤ የክሩም የደጋኑም ጅማት ከፈረስ ጭራ ይሠራል። ጣት ክሩን ይነካዋል እንጂ ከአንገቱ እንጨት ጋር አያጣብቀውም፤ የድምፁን ቦታ የሚያሳይ ምልክትም የለም። ስለዚህ ጀማሪውን የሚመራው ጆሮው ነው። ልጁ አንዱን የዜማ ሐረግ መጀመሪያ በአፉ ያንጎራጉር፣ ቀጥሎ በክሩ ይፈልገው። ያንጎራጎረውና የተጫወተው መለያየቱን ለመስማት ሙዚቃ መማር አያስፈልግም፤ የወላጅ ትልቁ እገዛም እዚህ ላይ ነው። የጎጃም አዝማሪዎች ሙያውን ለልጆቻቸው ያወረሱት ያለ ኖታ፣ በማስሰማትና በማስከተል ነው።

በየቀኑ 15 ደቂቃ መለማመድ ቅዳሜን ሙሉ ከመቀመጥ ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጣት ክሩን ሳይነካ ደጋኑን በረጅሙ ለመሳብ ይሁኑ። ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ አንዱ ቅኝት ጆሮው ውስጥ ሳይገባ ወደ ሌላው ማለፍ ልጁን ያምታታዋል።

በክረምት የድምፅ ሳጥኑ ቆዳ እርጥበት ስቦ ይላላል፤ ድምፁም ይታፈናል። ልጁ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። ማሲንቆውን ፀሐይ ላይ፣ ወይም ከምድጃው ራቅ አድርጎ ጥቂት ማሞቅ ቆዳውን መልሶ ይወጥረዋል። ደጋኑ ሲንሸራተት ሙጫ ይቀባል። ልጅ ሲሳሳት መቆጣት ግን ፈጽሞ አይገባም።